በስምጥ ሸለቆ መንገድ፤ ስለ ጥርስ ንጣትና ስለ አጠባበቁ

በአገራችን የሰው መልክ ሲመሰገን ከዓይን ቀጥሎ የሚነሣው ጥርስ ነው። የሙሽራ ጥርስ በበረዶ ወይም በወተት ይመሰላል፤ በብዙ አውራጃም እናቶቻችን ድዳቸውን ይነቀሱ የነበረው የድዱ ጥቍረት የጥርሱን ንጣት አጕልቶ እንዲያሳይ ነው። ስለዚህ ጥርሱ የጠየመበት ሰው ቢያፍር፤ ሲሥቅም አፉን በእጁ ቢሸፍን የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ፤ በየማለዳው ጥርሳቸውን በመፋቂያም በቡርሽም የሚያጠሩ፤ ንጽሕናቸው የማይነቀፍ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው እንደ ቡና አተላ ጠይሞ ያገኛቸዋል። ይህ የሆነበት ምክንያት ከምድሩ ጋር የተያያዘ ነውና፤ መንገዱን እየተከተልን ብንመለከተው ለቤተ ሰብም ለሹምም የሚጠቅም ትምህርት ይገኝበታል።

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጅቡቲው ባቡር በፈረንጆች ቍጥር በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በዚህ መንገድ ያሉት ከተሞች ኑሯቸው ለብዙ ዘመን ከሐዲዱ ጋር የተሳሰረ ነበር። ዛሬ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ፈጣን የመኪና መንገድና በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር፤ ሁለቱም በዚያው በፈረንጆች አቈጣጠር፤ ቀድሞ የቀን ጕዞ የነበረውን ወደ ጥቂት ሰዓት አሳጥረውታል። መንገደኛው የደጋውን ብርድ ትቶ ሲወርድ ባሕር ዛፉ እየሳሳ፤ ግራሩ እየበዛ፤ ነፋሱም እየሞቀ ይሄዳል። ቢሾፍቱ ሲደርስ ሖራና ባቦጋያ፤ ከተማው ስሙን የተጋራው የቢሾፍቱ ሐይቅም፤ በገደል ተከበው እንደ መስተዋት ተኝተው ይታያሉ። እነዚህ ሐይቆች የተኙባቸው ጕድጓዶች የጥንት እሳተ ጎሞራ አፎች ናቸው። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ የጥርሱ ነገር የሚጀምረው ከዚሁ እሳት ነውና።

እሳተ ጎሞራ የተፋው ድንጋይና አመድ ፍሎራይድ የሚባል ነገር በውስጡ አለበት። ዝናብ ወደ ምድር ሰርጎ በዚያ ድንጋይ መካከል ለብዙ ዘመን ሲዘዋወር፤ ይልቁንም የምድሩ ውስጥ ሙቀት ያለው ሲሆን፤ ፍሎራይዱ ወደ ውኃው ይሟሟል። ውኃው ካልሲየም የበዛበት ቢሆን ኖሮ ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ይዞ፤ ወደ ድንጋይነት ለውጦ ከምድር ባስቀረው ነበር። የስምጥ ሸለቆው የጕድጓድ ውኃ ግን በብዙ ቦታ ካልሲየሙ ጥቂት፤ ሶዲየሙ ብዙ ነውና ፍሎራይዱ እንደ ተሟሟ ይቀራል። እንዲህ ያለው ውኃ ሲያዩት የጠራ ነው፤ ጕዳቱን ዓይንም ምላስም አይለየውም፤ በመሣሪያ ካልተለካ አይታወቅም። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው።

ከአዳማ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲወርዱ ወንጂ ይደረሳል። አዋሽ የሚያጠጣው ይህ ሜዳ ዓይን እስኪደክም ድረስ በሸንኮራ አገዳ የተሸፈነ ነው። በሆላንድ ኩባንያ የቆመው የስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ሲሆን፤ ከዚያ ወዲህ አገዳ ለመትከልና ለመቍረጥ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌላም አገር ብዙ ሰው መጥቶ በየመንደሩ ሠፈረ። የአዋሽ ውኃ ድፍርስ ነውና የሚጠጣው ከጕድጓድ ይቀዳ ነበር፤ ያም ውኃ የጠራ ነበር። ሲለካ ግን በአንዳንዱ ጕድጓድ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። አስቀድሞ ምልክቱ የታየው በልጆች ጥርስ ላይ ነው። በፈረንጆች በ1970ዎቹ ዓመታት ደግሞ ሐኪሞች በእርሻው ብዙ ዘመን የሠሩ ሰዎች አጥንታቸው እየደደረ፤ አከርካሪያቸውና መገጣጠሚያቸው አልታጠፍ እያለ መቸገራቸውን ጻፉ። ፍሎራይዱን ከውኃው የሚያጣራ መሣሪያም በእርሻው መንደሮች ቆመ።

ከወንጂ መንደሮች በአንዱ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንድ አዛውንት በደጃቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከከምባታ የመጡት በ1955 ዓ.ም. ገደማ፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ጕብል ሳሉ ነው። አንገታቸውን ወደ ጎን ማዞር ስለማይሆንላቸው እንግዳ ሲመጣ መላ ሰውነታቸውን ያዞራሉ፤ የቀረው ጥርሳቸው ግን ነጭ ነው። «ልጄ፤ እኔ ያን የጕድጓድ ውኃ ብዙ ዘመን ጠጣሁት» አሉኝ። «ጥርሴን አልነካውም፤ አጥንቴን ያዘኝ። የልጆቼን ግን ጥርሳቸውን ያዘ። እኛ ሽማግሎቹ አፋችንን ከፍተን እንሥቃለን፤ ልጆቻችን አፋቸውን ሸፍነው ይሥቃሉ። ቀድሞ የእግዚአብሔር ቍጣ ይመስለን ነበር።»

የልጃቸው ልጅ፤ በመንደሩ ትምህርት ቤት የምታስተምር የሃያ አራት ዓመት ወጣት፤ ቡና አፍልታ አቀረበችልን። ለሁላችን ቀድታ ለራሷ ግን አልቀዳችም፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ይዛ ተቀመጠች። ምክንያቱን ብጠይቃት፤ በዚያው ሳምንት አዳማ ሄዳ ጥርሷን በሐኪም እንዳስነጣች፤ ሠርጓም በሚመጣው ወር እንደ ሆነ ነገረችኝ። ቡናው ሐኪሙ ከከለከላት ነገሮች አንዱ ነው። ስትናገርም ስትሥቅም እጇ ከጭኗ አልተነሣም። ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ ግን፤ «የእኔስ ነጣ፤ የምወልደው ልጅ ጥርስ ምን ይሆናል?» አለችኝ። አያትየው መልሱን ከእኔ እንደሚጠብቁ ሁሉ በሙሉ ሰውነታቸው ወደ እኔ ዞሩ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነውን ሌላ አገር አስቀድሞ ደክሞበታል። ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል የጥርስ ሐኪም በፈረንጆች በ1901 ዓ.ም. በአሜሪቃ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደምትባል ከተማ ለሥራ ቢመጣ፤ በዚያ የተወለዱት ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ አገኘው። ትልቅ ሰው ሆነው ከሌላ አገር የመጡት ግን፤ እንደ ወንጂው አዛውንት፤ ጥርሳቸው እንደ ነበረ ነው። ማኬይም ነገሩ ከውኃ እንደሚመጣ ጠረጠረ፤ ውኃው ውስጥ ምን እንዳለ ግን ለብዙ ዓመት ማወቅ አልቻለም። በአርካንሳስ ግዛት ቦክሳይት የምትባል የማዕድን ከተማ በ1909 ዓ.ም. የውኃ ጕድጓዷን ከለወጠች በኋላ የልጆቿ ጥርስ ጠየመ። የአሉሚኒየሙ ኩባንያ ኬሚስት ቸርቺል የዚያችን ከተማ ውኃ በ1931 ዓ.ም. መርምሮ ፍሎራይድ በብዛት አገኘበት። ማኬይ ሥራውን ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር።

ከዚህ በኋላ የተማርነው ነገር ይህ ነው። ፍሎራይድ ጥርስን የሚያጠይመው ጥርሱ በድድ ውስጥ ሆኖ ገና በሚሠራበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ድረስ ነው። ለፊት ጥርሶች ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ነው። ፍሎራይዱ ሲበዛ ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ልባስ ከላዩ ሥር ሳይጠነክር፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ይቀራል። ጥርሱ ሲበቅል እንደ ጠመኔ የነጣ ነጥብ ወይም መሥመር ይታይበታል፤ ከበቀለ በኋላ ደግሞ ከምግብና ከመጠጥ ቀለም እየጠጣ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ የጥርሱ መጠየም የቸልተኝነት ምልክት አይደለም፤ የቍጣም ምልክት አይደለም። ባለቤቱ ሕፃን ሳለ የት ውኃ እንደ ጠጣ የሚመሰክር ነው። በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በከሰል ቢፈትጉትም ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደ ተባለው ነው፤ ቀለሙ ከውስጥ ነውና አይለቅም፤ ልባሱ ግን ይፈገፈጋል።

ዛሬ በአዳማም፣ በሐዋሳም፣ በአዲስ አበባም የጥርስ ሐኪሞች ይህን መልክ የሚያሻሽሉበት መንገድ አላቸው። ቀለሙ ከላይ የሆነውን በጥቂት አሲድና በደቀቀ ድንጋይ እጅግ በስሱ ያነሡታል፤ ይህ በሐኪም እጅ ብቻ የሚደረግ ሥራ ነው። ጠልቆ የገባውን በፐሮክሳይድ ያነጡታል፤ ልባሱ ተሸርፎ የተጐዳውን ደግሞ በጥርስ መልክ በተሠራ ሙሌት ወይም ልባስ ይሸፍኑታል። ፐሮክሳይድ ጥርስን እንደሚያነጣ የተስተዋለበት ነገር ደስ የሚያሰኝ ነው። በዚያው በአርካንሳስ፤ ፎርት ስሚዝ በምትባል ከተማ፤ ክሉስሚየር የሚባል ሐኪም በ1960ዎቹ ማብቂያ ለድድ ቍስል ብሎ የሰጠው የፐሮክሳይድ መድኃኒት ሌሊቱን ከጥርስ ጋር ሲያድር ድዱን ማዳኑ ቀርቶ ጥርሱንም ሲያነጣው አየ። ሄይዉድና ሃይማን የተባሉ ሁለት ምሁራን ይህን ሥራ በ1989 ዓ.ም. ጽፈው ካወጡት ወዲህ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። ብዙ ጊዜ በቤት የሚሠራበት ካርባማይድ ፐሮክሳይድ 10 በመቶ ሲሆን፤ ይህም 3.5 በመቶ ያህል ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ማለት ነው። ለጥርሱ በልክ በተሠራ ስስ ቅርጽ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት ይለበሳል። በሐኪም ቤት የሚደረገው ከዚህ ይልቅ የበረታ ነውና ድዱ አስቀድሞ ይሸፈናል።

እንግዲህ ጥርሱን ያስነጣ ሰው ከዚያ በኋላ ሊጠብቀው የሚገባውን ሥርዓት በተራ እንናገር።

አንደኛ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የጥርሱ እርጥበት ስለሚቀንስ ቀለም ፈጥኖ ይይዛል። ስለዚህ ቡናና ሻይ፣ ቀይ ወይን፣ ቀይ ሥር፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ መተው ይገባል። በዚህ ላይ የእኛ ቤት አንድ ወጥመድ አለው፤ ቀይ ወጥ የተከለከለ ሰው ወደ አልጫ ይሮጣል፤ አልጫው ግን እርድ የገባበት ከሆነ እርድ ከበርበሬ ይልቅ ቀለሙ የሚጣበቅ ነው። ያለ እርድ የተሠራ አልጫ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ የእንቍላል ነጭ፣ አይብና ወተት ለእነዚህ ቀናት ይበቃሉ፤ በጾም ጊዜ ሩዝና ድንች፣ ነጭ ጤፍ እንጀራና ያለ እርድ የተሠራ የአተር ክክ አልጫ ይሆናል። ትንባሆና ጫት ጥርስን እንደገና ከሚያጠይሙት ዋናዎቹ ናቸውና ለሁለት ቀን ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ ቢተዋቸው ይሻላል።

ሁለተኛ፤ ሎሚ፣ ኮምጣጤና የሚቈመጥጥ የጠርሙስ መጠጥ የጥርስን ልባስ ያለሰልሳሉ። ንጣቱ ባደከመው ጥርስ ላይ እነዚህን መጨመር ሕመሙን ማባባስ ነው። ጥርስን በሎሚ ማሸት ያነጣል የሚባለውም ልባሱን እየበላ ነውና ሊሰማ አይገባም። የኮመጠጠ ነገር የቀመሰ ሰው ወዲያው በቡርሽ ሳይፍቅ፤ አፉን በውኃ ተጕመጥምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ሦስተኛ፤ ከንጣት በኋላ ጥርስ በብርድና በሙቀት ማንዘርዘሩ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀራል። እስኪቀር ድረስ በረዶ ያለበትንና የሚያቃጥለውን መጠጥ መተው፤ በለስላሳ ቡርሽና ፖታሲየም ናይትሬት ባለበት ሳሙና ቀስ ብሎ ማጠብ ይረዳል። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙናም ይጠቅማል። ይህን ሲሰማ አንባቢ ሊደነቅ ይችላል፤ ጥርሱን ያጠየመው እርሱ አይደለምን? ነው፤ ነገር ግን ፍሎራይድ እንደ ጨው ነው፤ ልኩ ሲጠበቅ ይጠቅማል፤ ሲበዛ ያበላሻል። በቅሎ ያለቀ ጥርስ ከላይ ሲቀባው ልባሱን ያጠነክረዋል እንጂ አያጠይመውም። ሕመሙ እየበረታ ቢሄድ ወይም ከሳምንት ቢያልፍ ግን ወደ ሐኪሙ መመለስ ይገባል።

አራተኛ፤ ውሃ አንሶት የደረቀው ጥርስ ባነጡት ቀን ከእውነተኛ መልኩ ይልቅ ነጥቶ ይታያል፤ በፍሎራይድ በተጐዳ ጥርስ ላይም የጠመኔው ነጥብ ለጥቂት ቀን ይብሱን ይጐላል። ይህን አይቶ መደንገጥም፤ መድኃኒቱን መድገምም አይገባም። ቀለሙ ጸንቶ የሚታወቀው ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። የጥርስ ሙሌት የሚያስፈልገውም ሰው እስከዚያው ይቆይ፤ ወዲያው ከነጣ ጥርስ ጋር ሙሌቱ በደንብ አይጣበቅምና። ቀድሞ የተሞላ ወይም ልባስ የገባለት ጥርስ በመድኃኒቱ አይነጣም፤ ይህንም አስቀድሞ ማወቅ ከኋላ ጸጸት ያድናል።

አምስተኛ፤ መፋቂያችንን መጣል አያስፈልግም። የወይራ ወይም የልምጭ እንጨት ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ለስላሳ ቡርሽ ከሆነ በኋላ፤ ከድድ ወደ ጥርስ በቀስታ ቢፍቁበት መልካም ነው። ንጣቱ በተደረገበት ሳምንት ግን ድዱ ይቈጣልና ቡርሹ ይሻላል። እንደ ወንጂ ባለ አገር ልጅም አዋቂም አገዳ ሲያኝክ መዋል ልማድ ነው፤ ስኳሩ ከጥርስ ጋር በቈየ ቍጥር ጥርስ ይበላልና ከአገዳ በኋላ አፍን መጕመጥመጥ ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፤ ንጣት ለዘለዓለም አይቆይም፤ ከወራት እስከ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ይደበዝዛል። ሲደበዝዝ መድገም የሚገባው በሐኪም ምክር ነው እንጂ በገበያ የሚሸጠውን፤ ልኩም ስሙም ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ገዝቶ አይደለም። የኤውሮጳ መንግሥታት ማኅበር በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ከ0.1 በመቶ የሚበልጥ፤ እስከ 6 በመቶ የሚደርስ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ያለበት የንጣት መድኃኒት ለጥርስ ሐኪም ብቻ እንዲሸጥ፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅም እንዳይሰጥ ወስኗል። ነፍሰ ጡርም ንጣቱን እስክትወልድ ብታቆየው ይመከራል።

መንገዱን ወደ ሞጆ ተመልሰን ወደ ደቡብ ብንይዘው፤ መቂን አልፈን ባቱ፤ ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው ከተማ፤ እንደርሳለን። ሐይቁ ደንበል 1,636 ሜትር ያህል ከባሕር በላይ ከፍ ብሎ ተዘርግቷል። በደሴቶቹ ላይ የዘይ ሕዝብ አለ፤ ቱሉ ጉዶ በምትባለው ደሴት ላይም የጥንት ገዳም አለ። ይህ ሐይቅ ከደጋ የሚወርዱ ወንዞች የሚመግቡት፤ የጨው ጠባይ የሌለው ውኃ ነውና ፍሎራይዱ በአካባቢው ከተቈፈሩት ከብዙዎቹ ጕድጓዶች ያነሰ ነው። ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፍላሚንጎ የሚሰፍርበት አብያታና 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሻላ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ሻላ በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው። በዳርቻውም ፍል ውኃ ይንፈቀፈቃል። ለዓይን ከዚህ የሚያምር ቦታ በመንገዱ ላይ አይገኝም፤ ውኃው ግን ሶዳ ነው፤ ፍሎራይዱም በሊትር ከመቶ ሚሊግራም በላይ ይቈጠራል። በሁለቱ መካከል፤ በደንበልና በሻላ፤ ያለው ርቀት በመኪና ከሁለት ሰዓት ያነሰ ነው። አንድ መንደር ለልጆቹ ጥርስ የሚስማማ ውኃ ሲያገኝ ጎረቤቱ የማያገኝበት አገር ይህ ነው።

የወንጂዋ ወጣት ለጠየቀችው መልሱ እንግዲህ የተገለጸ ነው። የእናት ጥርስ መጠየም ወደ ልጅ በዘር አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው ውኃው ነው። ልጅዋ ከተወለደ ጀምሮ እስከ ስምንት ዓመቱ ፍሎራይዱ የተለካና ልኩን ያላለፈ ውኃ ቢጠጣ፤ ወተቱም ገንፎውም በዚያ ውኃ ቢሠራ፤ ጥርሱ በነጭነቱ ይበቅላል። ይህን ለማድረግ ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ውኃን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ይልቁንም ውኃው ሲተን የቀረው ውስጥ ፍሎራይዱ ይበዛል። ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ፍሎራይዱ እጅግ ጥቂት ነው፤ የወንዝ ውኃም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ሁለቱም ግን ከተሐዋስያን መጥራት አለባቸው። ሻይ ቅጠል በራሱ ፍሎራይድ ስላለበት ሕፃንን ሻይ ማስለመድ አይገባም። ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ለልጅ ሲሰጡም ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፤ ከዚያ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ እንዳይውጠውም ሊያስተምሩት ይገባል።

ለመንደር የሚሆነውም መንገድ የታወቀ ነው። በሕንድ አገር ናልጎንዳ በምትባል አውራጃ ስም የሚጠራው ዘዴ አሉምና ኖራ በውኃ ላይ ጨምሮ፤ አማስሎ፤ ዝቃጩን ከፍሎራይዱ ጋር ማስቀረት ነው። ሌላው ዘዴ የከብት አጥንት በእሳት አቃጥሎ፤ ከሰሉን አድቅቆ ውኃውን በእርሱ ማጣራት ነው። ይህ በስምጥ ሸለቆ መንደሮች ተሠርቶበት ውጤቱ የታየ ሲሆን፤ በጾም ወራት በአጥንት የተጣራ ውኃ መጠጣት ይገባል ወይ ብለው የሚጠይቁ ምእመናን ስላሉ፤ ነገሩን አስቀድሞ ከካህናትና ከአገር ሽማግሎች ጋር መምከር ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚቀለው ግን አዲስ ጕድጓድ ተቈፍሮ ሕዝብ ከመቅዳቱ በፊት ፍሎራይዱን ማስለካት፤ ያለፈም ከሆነ ከሩቅ ቢሆን መልካሙን ውኃ በቧንቧ መሳብ ነው።

በዚህ አገር የምትሾሙ፤ የምታስተዳድሩ፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የምታስመርቁ አንባቢዎች ሆይ፤ የውኃ ጕድጓድ ስታስመርቁ የተለካበትን ወረቀት ጠይቁ። በትምህርት ቤት የልጆቹን የፊት ጥርስ ብትመለከቱ፤ ያ ጥርስ የመንደሩን ውኃ ጠባይ ከማንም በፊት ይነግራችኋል። ሳይደርቅ በርጥቡ፤ ሳይርቅ በቅርቡ ይላል የአገራችን ሰው። የትልቁን ጥርስ ሐኪም ሊያነጣው ይችላል፤ የአዛውንቱን አንገት ግን የሚመልስ የለም። የሕፃኑን ጥርስ ደግሞ ጊዜው ሳያልፍ የሚያድነው የተለካ ውኃ ነው፤ ይህንም ለማድረግ የቀረው ጊዜ ዛሬ ለሚወለደው ልጅ ስምንት ዓመት ብቻ ነው።